ቀፎው በአንድ ኪስ፣ ባትሪው በሌላ

ቤቴን የተከራየው ሰው «ፋንታ እባላለሁ» አለኝ። እኔ ሰብለ ወንጌል ሠላሳ ዓመት ሙሉ በትምህርት ቤት መዝገብ ቤት የሰው ስም ስጽፍ የኖርኩ ሴት ነኝ። ሰው ዕድሜውን ሲዋሽ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ስሙን ሲዋሽ ግን አይቼ ስለማላውቅ አመንኩት። እውነተኛ ስሙ ስጦታው መሆኑን ያወቅሁት ከዓመት ከሦስት ወር በኋላ ነው። አሁን ስጽፍ በእውነተኛ ስሙ ልጥራው። በሐሰተኛው ብዙ ጠርቼዋለሁ፣ ይበቃል።

ሞጣ የገባው በ2009 ዓ.ም. ጥቅምት ነው። ሙያው ልብስ ስፌት፣ ዕድሜው ሠላሳ አምስት ቢሆን ነው፤ ከአንድ ሻንጣ በቀር ምንም አልያዘም። አገርህ የት ነው ስለው «ከወዲያ ማዶ ነኝ» አለኝ። ወዲያ ማዶ የሚባል ወረዳ በመዝገብ ጽፌ አላውቅም። ቢሆንም ነገሩን አልገፋሁትም፤ ባሌ ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነበር፣ ልጆቼም ወጥተው ወጥተው ግቢው ጭር ብሎብኝ ነበርና ሰው ይግባ እንጂ ከየትም ይምጣ ብዬ የጓሮዋን ክፍል ሰጠሁት።

አንድ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ መኪና ተከራይቶ መስፋት ጀመረ። ጧት ይወጣል፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይገባል። ማኅበር የለው፣ እድር የለው፣ ጠጅ ቤት አይገባ። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ሲሄድ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ተሳልሞ ይመለሳል። ሰውን የሚጠላ መስሎኝ ሁለት ሦስት ጊዜ በልቤ አምቼዋለሁ። ደግሞ ነጠላዬን ቀሚሴን ሁሉ ሳልጠይቀው ሰፍቶ በር ላይ አንጠልጥሎልኝ ይሄዳል። የሚጠላ ሰው እንዲህ አያደርግም ብዬ ሐሜቴን እተወው ነበር።

የገረመኝ ስልኩ ነው። ባለ ቁልፍ ትንሽ ስልክ ነበረችው። ጀርባዋን ከፍቶ ባትሪዋን ያወጣና ቀፎውን በቀኝ ኪሱ፣ ባትሪውን በግራ ኪሱ ያደርጋል፤ ሲም ካርዱን ደግሞ በወረቀት ጠቅልሎ ደረቱ ላይ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ይከታል። ቤት ሲገባ ቀፎውን በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ አስገብቶ ይከድነዋል። እኔ ያየሁትን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልበትም፤ አንድ ቀን «ይሄ ስልክ ነው ወይስ የተበታተነ ቤተሰብ?» አልኩት። ፈገግ ሊል ጀመረና ፊቱ መልሶ ከሰመ። የተናገርኩት ምን እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው።

በፋሲካ ጠራሁት። ሰው በዓመት በዓል ብቻውን ሲበላ ማየት ስለማልወድ አስገድጄ አስቀመጥኩት። ምሳ በልተን ሳንጨርስ ልጆቼ ከአዲስ አበባና ከባሕር ዳር በየተራ እየደወሉ እንኳን አደረሰሽ ይሉኝ ጀመር። ስልኩ ከእኔ ወደ እህቴ፣ ከእህቴ ወደ ጎረቤት ሲዞር እሱ ቀስ ብሎ ተነሥቶ ወጣ። ብከተለው ጓሮ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ቆሟል፤ አያለቅስም። ያን ቀን ነው አጠገቡ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የሆነውን ያስወራሁት።

በ2008 ነሐሴ የነበረውን ሰልፍና ሞት ሁላችንም እናስታውሰዋለን። በዚያ ሰሞን እንዳለው የሚባል፣ ስሙን ኋላ የሰማሁት፣ ጽሕፈት መሣሪያ ሻጭ ጓደኛው ይደውልለትና ለሐዘን ክንድ ላይ የሚታሰር ሃምሳ ቁራጭ ጥቁር ጨርቅ እንዲያዘጋጅለት ያዝዘዋል። ይኸው ነው፣ ሌላ የለውም። ቆርጦ፣ ዳር ዳሩን ቀምቅሞ ሰጠው። በመስከረም እንዳለው ታሰረ። ሚስቱ ስንቅ ልታቀብል ሄዳ ስትመለስ ለስጦታው በጆሮው የነገረችው ጠያቂዎቹ «ሃምሳውን ጥቁር ጨርቅ የሰፋልህ ማን ነው?» እንዳሉት ነው። ሃምሳ መሆኑን ደግሞ ሁለቱ በስልክ ተነጋገሩ እንጂ ለማንም አልተናገሩም። የተደዋወሉበት ቀንና ሰዓት የተጻፈበት ወረቀትም ፊቱ ላይ ዘርግተውለታል አለች። እኔ ወረቀቱን አላየሁም፤ የተነገረውን ነው የምጽፈው። ስጦታው ግን የዚያኑ ዕለት እናቱን ስሞ ከቤት ወጣ። ከየትና ከማን እንደወጣ ግን ለእኔ አልነገረኝም፤ ስም የሌለው አገር፣ ስም የሌላቸው ሰዎች ነበሩ ወሬው ውስጥ።

«ታዲያ ስልኩን ለምን አትጥለውም?» አልኩት።

«እናቴስ?» አለኝ።

በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ወደ ጎረቤት ከተማ፣ ወደ ግንደወይን ይሄድ ነበር። እኔ እዚያ ሴት አለችው ብዬ ደምድሜ ነበር፣ ሳይበላኝ አልቀረም። ለካስ ለእናቱ ሊደውል ነው። ከሞጣ አይደውልም፤ ከሚኖርበት ከተማ የደወለ ሰው በሬን ክፈቱ እንዳለ ይቆጠራል ይላል። ስለዚህ በአውቶቡስ ግንደወይን ይወርዳል፣ ገበያው ሲሞቅ ሰው መሀል ይገባል፣ ባትሪውን ያስገባል፣ ይደውላል። ከሁለት ደቂቃ አያልፍም፤ የእጅ ሰዓቱን እያየ ነው የሚያወራው። ከሦስት ደቂቃ በታች ያወራ ሰው ያለበት ቦታ አይታወቅም ብሎ የነገረው ሰው ነበር። ከዚያ ባትሪውን አውጥቶ በሌላ ኪሱ ከትቶ ይመለሳል። በሌላ ሰው ስም የወጡ አራት ሲም ካርዶች ነበሩት፤ ሲያፈራርቃቸው ይኖራል።

እናቱ የስልክ ነገር አታውቅም፤ እህቱ ጆሮዋ ላይ ትይዝላታለች። ስሙን መጥራት፣ የት ነህ ማለት፣ መቼ ትመጣለህ ማለት ክልክል ነው። ይህ ሁሉ ከተከለከለ አንዲት እናት ምን ቀራት? በላህ ወይ፣ ብርድ አለ ወይ፣ ጋቢ አለህ ወይ፤ ይኸው ነው። እሱ ግን ቅዳሜ ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ ይመለሳል። ደጄ ላይ ቁጭ ብሎ ያለችውን ሁሉ ቃል በቃል ይነግረኛል፤ የት ላይ እንዳሳላት፣ የት ላይ ትንፋሿን እንደሳበች ሳይቀር። የሁለት ደቂቃዋን ወሬ ለመንገር ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል። እኔም አዲስ ነገር እንደምሰማ ሆኜ «ጋቢውንስ አለ አልካት?» እላለሁ። እሑድ ሲነጋ ዝምታው ይመለሳል፤ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ አሥራ አራት ቀን።

ለቤተሰቡ የሰጠው አንድ ትልቅ ትእዛዝ ነበር፤ እኔ እደውላለሁ እንጂ እናንተ እንዳትደውሉ። ከእናንተ ስልክ ከመጣ አስገድደዋችሁ ነው ብዬ እወስዳለሁ አላቸው። ያኔ ብዙ ይወራ ነበር፤ እገሌን በአባቱ አስደውለው አስጠርተው ያዙት፣ እገሊትን ልጅሽ ታሟል አሰኝተው አመጧት ይባላል። እውነትም ይሁን ወሬ፣ ለሚፈራ ሰው ሁለቱም አንድ ናቸው።

የእህቴ ልጅ አካለ ወልድ ባሕር ዳር ኤሌክትሪክ ያጠና ነው። ለእረፍት ሲመጣ ስሙን ሳልነግረው የሰውየውን ዘዴ ነገርኩትና ይጠቅመዋል ወይ አልኩት። ባትሪውን ማውጣቱ ጥሩ ነው አለኝ። ሲም ካርድ ማፈራረቁ ግን ከንቱ ነው፤ ቀፎው ራሱ የማይለወጥ የራሱ ቁጥር አለው፣ ቁጥሩንም ስልኩ በበራ ቁጥር ለአንቴናው ይናገራል፤ ፊቱን ገልጦ ኮፍያ የሚለዋውጥ ሰው በለው አለኝ። የሁለት ደቂቃውም ነገር ተረት ነው፣ ማንም ባይደውል እንኳ ስልኩ እንደበራ ያለበት አካባቢ ይታወቃል አለ። ከሁሉ የባሰው ደግሞ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ አንድ ቦታ ብቻ እየበራ የሚጠፋ ስልክ፣ ለሚፈልገው ሰው ምልክት መሆኑ ነው።

ልንገረው ብዬ ሁለት ቀን ተሰቃየሁ። ከነገርኩት ግንደወይን መሄዱን ይተዋል፤ ያቺን ሁለት ደቂቃም ያጣታል። እስከ ዛሬ ካልያዙት አይፈልጉትም ማለት ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩና ዋጥኩት። ሁሉን የምናገር ሴት አንዳንዴ የምውጠው ነገር አይጣል ነው።

በ2009 ሐምሌ መጨረሻ፣ ከመስከረም ጀምሮ የቆየው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ተነሣ ሲባል በደስታ ሮጬ ሄጄ ነገርኩት፤ በል አሁን ወደ ቤትህ ግባ አልኩት። መርፌው ላይ እንዳቀረቀረ «አዋጁ ተነሣ እንጂ ወረቀቱ አልተቀደደም እትዬ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አለኝ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይሏል ይኸን ነው። የፈራን ሰው በምን ቃል ታረጋጋዋለህ? እኔ አልቻልኩም።

ታኅሣሥ 2010 ገባ። አንድ ቅዳሜ ግንደወይን ሄዶ ከወትሮው ቀድሞ ተመለሰ። ደጄ ላይ አልተቀመጠም፤ ቀጥ ብሎ ክፍሉ ገብቶ በሩን ወረወረ። ጨነቀኝና አንኳኳሁ። ሲከፍትልኝ ልብሱን ሻንጣ ውስጥ እየከተተ ነበር።

«አገኙኝ» አለኝ።

ገበያው መሀል ባትሪውን አስገብቶ፣ ኔትወርኩ እስኪመጣ ጠብቆ፣ ገና ቁጥር ሊነካ ሲል ስልኩ ጮኸ። የእናቱ ወንድም፣ መሪጌታው አጎቱ ነበሩ። ድምፃቸው ልስልስ ብሎ «እናትህን ትንሽ አመም አድርጓታል፤ ምንም አይደል፣ ግን ዛሬውኑ ተነሥተህ ና» አሉት። እሷን አገናኙኝ አለ፤ ጋደም ብላለች አሉ። እህቴንስ ቢል እዚህ የለችም አሉ። እሳቸው ይህን ሲሉ ከኋላ የሴት ሲቃና «ዝም በይ» የሚል የወንድ ድምፅ ሰማ። የእህቱ ሲቃ ነው፤ አውቆታል። እየደበደቧት ነው ብሎ ስልኩን ዘጋ፣ ሲሙን ሰብሮ ሽንት ቤት ጣለው፣ ቀፎውንም እዚያው ወረወረው። አውቶቡስ ተራ ሲደርስ ወደ ቢቸና፣ አገሩ መሆኑን ኋላ ወዳወቅሁት ከተማ፣ የሚሄደው መኪና ሊሞላ አንድ ሰው ቀርቶት ረዳቱ እጁን ይዞ ሊያስገባው ታግሎት ነበር። አምልጦ በሞጣው መጣ።

«አጎቴ በሕይወታቸው ዋሽተው አያውቁም እትዬ። የዛሬው ድምፃቸው ግን የሚዋሽ ሰው ድምፅ ነው» አለኝ።

በእኛ አገር ሞት በስልክ አይነገርም። መርዶ በማለዳ ነው፤ ሽማግሌና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ በር አንኳኩቶ፣ ሰውየውን ከብቦና ደግፎ ይነግረዋል። የሩቅ ሰው ሲሆን ትንሽ አሟታል፣ ቶሎ ድረስ ይባላል፤ በመንገዱ ልቡ ቀስ እያለ እንዲያውቀው ነው። ልስልስ ያለ ድምፅ፣ ዛሬውኑ ና፣ ጋደም ብላለች፣ ከኋላ ሲቃ። ይህን ሰምታ የማታውቅ የጎጃም ሴት ያለች አይመስለኝም። እናቱ ሞታለች። ገና እየነገረኝ ሳለ አውቄያለሁ።

ለምን አልነገርኩትም? ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። በዓይኔ ያላየሁትን ሞት በሰው እናት ላይ መናገር ሟርት መሰለኝ። ደግሞ ብሳሳትስ? ሄዶ ቢያዝስ? በእኔ ቃል ሄደ ይባላል። ከሁሉ በላይ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ መርዶ ብቻዬን መንገር ፈራሁ። እሱ የራሱን አገር ወግ በፍርሃት ረሳው፤ እኔ ሳልረሳው ዝም አልኩ። «ሻንጣህን ፍታ፤ እዚህ ማንም አያውቅህም» ብዬው ወጣሁ። ቅዳሜ ነበር፤ ፀሐይ አልጠለቀችም።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ወር ባላስታውሰው ደስ ይለኝ ነበር። ቅዳሜ ቢመጣ የሚሄድበት የለው፣ ስልክ የለው። እህቱ እየተገረፈች፣ እናቱ ስልኩን እየጠበቀች ይመስለዋል፤ መሄድ አልቻለ፣ መደወል አልቻለ። ከሳ። መኪናው ላይ ተቀምጦ ክር ሳያስገባ ፔዳል ሲረግጥ አይቼዋለሁ። ማታ ማታ ምግብ አድርሼለት ስመለስ እግሬ ከበሩ ላይ እየቀረ፣ ዛሬ እነግረዋለሁ እላለሁ፤ ሲነጋም ነገ እላለሁ።

ጥር አጋማሽ ላይ ከገበያ ስመለስ ጥቁር የለበሰች፣ ፀጉሯን የተቆረጠች ወጣት ከበረንዳ በረንዳ ልብስ ሰፊዎችን ስትጠይቅ አየሁ። እኔም ጋ መጣች። ስጦታው የሚባል የቢቸና ልብስ ሰፊ ያውቃሉ ወይ አለችኝ። አላውቅም አልኳት፤ በእውነትም አላውቅም ነበር። አመስግናኝ ልትሄድ ዘወር አለችና፣ እንደመጨረሻ ተስፋ፣ «ከቤት ከወጣ ዕለት ጀምሮ ስልኩን ባትሪና ቀፎ ለየብቻ አድርጎ በሁለት ኪስ የሚይዝ ሰው ነው» አለችኝ።

ዘንቢሌን አስቀምጬ ክንዷን ያዝኳት። በሞጣ ከተማ እንዲህ የሚያደርግ ሰው አንድ ብቻ ነው። እንዳይታወቅ ብሎ የያዘው ነገር ነው ያሳወቀው።

ሰገነት ትባላለች፤ እህቱ ናት። ቤቴ አስገብቼ አስቀመጥኳትና ሁሉን ነገረችኝ። እናታቸው ወይዘሮ ዘርፈሽ አራት ቀን ነው የታመሙት፤ አርብ ማታ አረፉ። በአራቱም ቀን ደውሉልኝ እያሉ ለምነዋል። ሰገነት ትእዛዙን አስባ፣ ከደወልን ይደነግጣል፣ ይሸሻል ብላ ቅዳሜ ራሱ ይደውላል እያለች አቆየቻቸው። ቅዳሜ አልደረሱም። ያለበትን ከተማ ማንም ስለማያውቅ መርዶ የሚወስድለት ሰው አልተገኘም፤ ለዚህ ነው አጎታቸው ሌሊቱንም ጧቱንም እሱ ደውሎባቸው የነበሩትን ቁጥሮች ሁሉ ሲሞክሩ የነበሩት። እሷ ጮኻ እንዳታሰማው ደግሞ አፏን ይዘው ወደ ጓዳ አስገቧት።

እንዴት አገኘሽው ብላት፣ ሲደውል ሁልጊዜ ከኋላው ረዳቶች «ሞጣ፣ ሞጣ» እያሉ ሲጣሩ ይሰማት ነበር አለች። እናታቸውም ይሰሙ ነበር። ሁለቱም ለአንድ ዓመት ከሩብ አውቀው፣ ለእሱ እንኳ አውቀናል ሳይሉ፣ እርስ በርሳቸውም የከተማዋን ስም ሳይጠሩ ኖረዋል። እሱ ከአንቴና ሲሸሽ የእናቱ ጆሮ አግኝቶት ነበር።

አሁኑኑ እንንገረው ብላት እምቢ አለች። «እማ ሥርዓቷን ሁሉ ተነፍጋ ሄዳለች፤ መርዶዋን እንኳ በወጉ ይስማ» አለችኝ። ልክ ናት አልኩ። የእድራችንን ዳኛ አቶ ደምለውን ለመንኳቸው፤ አባል ባይሆንም ሰው ነው ብለው ስምንት ጎረቤት ሰበሰቡ። ስጦታው በበረንዳው ያለፉትን ሰዎች ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሰላም ይል ነበርና ስሙን በትክክል ሳያውቁ የሚያዝኑለት ሰዎች አልጠፉም።

ሊነጋ ሲል፣ ፊት በወጉ መለየት ሲጀምር፣ ጓሮ ገባን። አቶ ደምለው በከዘራቸው በሩን መቱ። አሁን ሳስበው ሁላችንም ምን ነክቶን እንደነበር አላውቅም። ከዓመት በላይ በማለዳ የብዙ ሰው ኮቴ በሩ ላይ እስኪቆም ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው። መልስ የለም። በኋላ በኩል የመስኮቱ መከለያ ተሰበረ፤ ስጦታው በባዶ እግሩ ወጥቶ ወደ ቅንጭቡ አጥር ሮጠ። አቶ ደምለው «ቁም ልጄ፣ ምንም የለም» ይላሉ፤ ቁም የሚለውን ሲሰማ ባሰበት። አንድ እግሩን አጥሩ ላይ አንሥቷል። ሰገነት ከመሀላችን ወጣች። ወግ ብላ የለመነችንን ሁሉ ጥላ ጮኸች፦

«ስጦታው! እማ ሞታለች!»

ቆመ። እግሩን ከአጥሩ ላይ አላወረደም፤ ቅንጭቡን እንደያዘ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ፤ ወተቱ በእጁ ላይ ይወርዳል። ስሙ ስጦታው መሆኑን ሰፈሩ የሰማው እንዲህ ነው። ከዚያ ዞሮ እህቱን አያት፤ ጥቁሯን፣ የተቆረጠ ፀጉሯን። «መቼ?» አላት። ነገረችው። ዓይኑ እንደጠፋበት ሰው መሬት ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ፤ እኛም ሄደን ከበብነው፣ ያኔ ነው ለቅሶው የመጣው።

በዚያው ቀን ወደ ቢቸና ስንሄድ አብሬ ሄድኩ፤ ብቻቸውን መላክ አልሆነልኝም። አውቶቡሱ ግንደወይን ሲቆም ሻይ እንዲጠጣ ለመንኩት፤ አልወርድም አለ። ደብረ ወርቅን አልፈን ቢቸና ገባን። ማንም አላስቆመን፣ ማንም መታወቂያ አልጠየቀን። ከመኪና ወርዶ በገዛ ከተማው መንገድ በእግሩ ሲሄድ የሚያውቁት ሰዎች ከየሱቁ እየወጡ አንገቱ ላይ እየተጠመጠሙ አለቀሱ። ይፈልገው የነበረ ሰው ነበር ወይስ አልነበረም፣ እኔ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እሱም አያውቅም።

ቤቱ ሰው ሞላ። በመጨረሻ አጎቱ መሪጌታ ገብረ ክርስቶስ ገቡ። ዕድሜያቸውን ሁሉ ሲያስቀድሱ፣ ሲያስተምሩ፣ ሐዘንተኛ ሲያጽናኑ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ስጦታው ተነሥቶ ጉልበታቸውን ሳመ። እሳቸውም አጠገቡ ተቀመጡና እንዲህ አሉት፦

«አናገርሁት፣ እየመጣ ነው ብዬ ለሕዝቡ ተናገርሁ። ቅዳሜን አሳደርናት። እሑድ ቅዳሴ ወጥቶ ፍትሐቱን እያስረዘምን መንገድ መንገዱን ስናይ ዋልን። ምነው ልጄ፣ ምነው ቀረህ?»

«ሞታለች ቢሉኝ እኮ እመጣ ነበር» አለ ስጦታው። «በቁም ያለችን እናት ሞታለች ብሎ የሚያስዋሽ የለም፤ አምን ነበር። ትንሽ አሟታል ስላሉኝ ነው የቀረሁት።»

መሪጌታ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። እኔ ግን ቅዳሜን አሳደርናት ከሚለው አላለፍኩም ነበር። ያን ማታ አፌን ከፍቼ ቢሆን፣ ሌሊቱን በእግሩም ቢሆን ጀምሮ፣ ሲነጋ መኪና ይዞ፣ እሑድ አፈር ሳይለብሱ ይደርስ ነበር።

ስጦታው ዓይኑን ከአጎቱ አነሣና ሕዝቡ መሀል ፈለገኝ። በዚያ ቤት ያን ቅዳሜ የሚያውቅለት ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።

«እትዬ አብረውኝ ነበሩ፤ ይመስክሩልኝ» አለ። «የአጎቴን ቃል ልክ እንደሰማሁት ነግሬዎት አልነበር? ማን ሞት ነው ብሎ ይጠረጥራል?»

ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«ማንም» አልኩት። «ማንም አይጠረጥርም ልጄ።»